የጨዋታ ዳስ፤ ወይም እንግዳው ይቅደም

ክፍል 1። ጨዋታ ስለሚሠሩ ሰዎች

ልጆች ሆይ፤ ገበጣ ስትጫወቱ በፊታችሁ ያለውን ነገር ልብ ብላችሁ ተመልክታችሁ ታውቃላችሁን? በመሬት ወይም በእንጨት ላይ የተቈፈሩ ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ፤ በየጉድጓዱም ጠጠር ወይም የዛፍ ፍሬ አለ። ዕቃው ይኸው ብቻ ነው። ዳሩ ግን ጠጠሩንና ጉድጓዱን ጨዋታ የሚያደርገው ሕጉ ነው። ተጫዋቹ ጠጠሩን ከአንዱ ጉድጓድ አንሥቶ በሚቀጥሉት ጉድጓዶች አንድ አንድ እያደረገ ይዘራል፤ ባልንጀራውም ተራውን ይጠብቃል። ሕጉ ባይኖር ጠጠሩ ጠጠር፥ ጉድጓዱም ጉድጓድ ሆኖ በቀረ ነበር።

እንግዲህ ይህን ሕግ አስቀድሞ ያሰበ ሰው ነበረ። ስሙ በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ ሥራው ግን ከአያት ወደ ልጅ፥ ከልጅም ወደ ልጅ ልጅ ሲተላለፍ ይኖራል። ጨዋታ የሚጫወት ሰው ብዙ ነው፤ ጨዋታ የሚሠራ ሰው ግን ጥቂት ነው።

በዛሬ ዘመን በብዙ አገሮች፥ በዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ወጣቶች ጨዋታ የሚሠሩበትን ማኅበር ያቋቁማሉ። አንዳንዶቹ በካርቶን፥ በቀለምና በመቀስ ይሠራሉ። ሌሎቹም ኮምፒዩተር በሚባለው መኪና ይሠራሉ። አንዱ ሕጉን ያስባል፤ አንዱ ሥዕሉን ይሥላል፤ አንዱ ድምፁን ያዘጋጃል፤ አንዱም የሁሉን ሥራ አንድ ላይ ያጋጥማል።

በእነዚህም ትምህርት ቤቶች በትምህርት ዓመት መጀመሪያ ማኅበሮች ሁሉ በግቢው ውስጥ ዳስ ይጥላሉ፤ ወይም ጠረጴዛ ያቆማሉ። አዲስ የገቡ ተማሮች ከዳስ ወደ ዳስ እየዞሩ ይመለከታሉ፤ ደስ ያላቸውንም መርጠው ወደ ማኅበሩ ይገባሉ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ጨዋታ የሚሠሩ ተማሮች በዳሳቸው ምን ያድርጉ? እንግዳውንስ እንዴት አድርገው ይቀበሉት? ይህ ጥያቄ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሥራን አስቀድሞ ማሰናዳትን፥ ሰውንም ማክበርን የሚያስተምር ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች ያደረጉትን እንመልከት።

ክፍል 2። ስለ አንድ ሊቅና ስለ እንግዶቹ

በአሜሪካ አገር፥ በኒው ዮርክ ክፍል፥ ሎንግ አይላንድ በምትባል ደሴት፥ ብሩክሄቨን የሚባል ታላቅ የምርምር ቤት አለ። ይህ ቤት ሕዝብ ገብቶ የሊቃውንቱን ሥራ የሚያይበት ቀን ነበረው። በዚያ ቀን የሚታየው ግን በግድግዳ የተሰቀለ ሥዕልና ጽሕፈት፥ ወይም ሳይንቀሳቀስ የተቀመጠ መሣሪያ ነበረ። እንግዳው ቆሞ ያያል፤ እጁን ግን በምንም ነገር ላይ አያሳርፍም። ስለዚህ ቶሎ ይሰለቻል።

ዊልያም ሂጊንቦተም የሚባል የመሣሪያ ክፍል አለቃ ይህን አስተዋለ። እንግዶቹ በእጃቸው ነክተው የሚጫወቱበት ነገር ቢኖር ጉብኝቱ ሕያው እንደሚሆን አሰበ። በምርምር ቤቱ አንዲት ትንሽ ኮምፒዩተር ነበረች። ይህችም መኪና የተወረወረ ነገር በአየር ላይ የሚሄድበትን መንገድ ማስላት ትችል ነበር። ሂጊንቦተምም በዚህች መኪና የቴኒስ ጨዋታ ለመሥራት ቈረጠ። ሐሳቡን በጥቂት ሰዓት ነደፈው፤ ዕቃውን አገጣጥሞ ለመጨረስ ግን፥ ሮበርት ድቮራክ ከሚባል የሥራ ባልንጀራው ጋራ ሆኖ፥ ጥቂት ሳምንታት ፈጀ።

ጨዋታው የሚታየው ኦሲሎስኮፕ በሚባል መሣሪያ ክብ መስታወት ላይ ነበረ። የመስታወቱም ስፋት 5 ኢንች፥ ይኸውም 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በመስታወቱ ላይ አንድ የተጋደመ መስመር ይታያል፤ ይህ መሬት ነው። በመካከሉ አንድ አጭር መስመር ቆሟል፤ ይህ መረብ ነው። ወዲያና ወዲህ የምትበር አንዲት የብርሃን ነጥብ አለች፤ ይህች ኳስ ናት። ተጫዋቹ ኳሲቱን ለመምታት አንድ ቁልፍ ይጫናል፤ አቅጣጫዋን ለመምረጥም አንድ ቁልፍ ያዞራል። ሌላ የሚማረው ነገር የለም።

ጨዋታው በመጀመሪያ ለሕዝብ የታየው በጥቅምት 8 ቀን 1951 ዓ.ም.፥ ይኸውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በኦክቶበር 18 ቀን 1958 ነው። በዚያን ጊዜ እንግዶች በመቶ እየተቈጠሩ ተሰልፈው ተራቸውን ጠበቁ። በሚቀጥለው ዓመት ሂጊንቦተም ጨዋታውን አሻሻለው። የሚታይበትን መስታወት አሰፋው። ደግሞም ኳሲቱ በጨረቃ ላይ ብትሆን ወይም ጁፒተር በሚባለው ታላቅ ፕላኔት ላይ ብትሆን እንዴት እንደምትወድቅ የሚያሳይ ጨመረበት። ከዚያ በኋላ መሣሪያው ተፈታና ዕቃው ለሌላ ሥራ ዋለ።

ከዚህ ሰው ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ ስለ ራሱ ሊቅነት ሳይሆን ስለ እንግዳው መሰልቸት አሰበ። ሁለተኛ፥ ሕጉ አንድ ጊዜ አይቶ የሚያውቁት እንዲሆን አደረገ። ሦስተኛ፥ ሰው ሁሉ ቢያመሰግነውም «በቃኝ» አላለም፤ በሁለተኛው ዓመት የሚጐድለውን መላ።

ክፍል 3። ስለ ኤም አይ ቲ ወጣቶች

በዚያው በአሜሪካ አገር፥ በማሳቹሴትስ ክፍል፥ ኤም አይ ቲ የሚባል ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ አለ። በዚያ የትንንሽ የባቡር ሐዲድ አምሳያ የሚሠራ የተማሮች ማኅበር ነበረ። ከዚህም ማኅበር ያሉ ወጣቶች ሽቦ ማጋጠምንና ማብሪያ መሥራትን ተምረው ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1961 ለዩኒቨርሲቲው አዲስ ኮምፒዩተር በመጣ ጊዜ ወጣቶቹ ምን እንሥራባት ብለው ተማከሩ።

ስቲቭ ራስል የሚባል ወጣት ከባልንጀሮቹ ጋራ ሆኖ በ1962 አንድ ጨዋታ ሠራ። ስሙም «የጠፈር ጦርነት» የሚል ነው። ሁለት ትንንሽ መርከቦች በመስታወቱ ላይ በከዋክብት መካከል ይዋጋሉ። በመካከልም አንድ ኮከብ ቆሞ ሁለቱንም ወደ ራሱ ይስባል። አንዱ ወጣት የጀመረውን ሌላው ጨመረበት፤ አንዱ የከዋክብቱን ሥፍራ ልክ አደረገ፤ አንዱ የኮከቡን ስበት አስገባ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው በአንድ ሰው እጅ የማይፈጸመው በብዙ ሰው እጅ ተፈጸመ።

ነገር ግን በጨዋታው ሁለት ችግር ተገኘ። በመጀመሪያ ተጫዋቾቹ መርከባቸውን የሚነዱት በኮምፒዩተሯ ላይ ባሉት ማብሪያዎች ነበረ። ስለዚህ ክንዳቸው ይደክም ነበር። ደግሞም መስታወቱ ወደ አንድ ወገን ስለ ነበረ አንዱ ተጫዋች አጥርቶ ያያል፤ ሌላው ግን እንደ እርሱ አያይም ነበር። ይህ ደግሞ በትክክል መጫወት አይደለም። ስለዚህ አለን ኮቶክና ቦብ ሳንደርስ የሚባሉት ወጣቶች ለእያንዳንዱ ተጫዋች በእጅ የሚያዝ ሣጥን ሠሩ። ከዚህ በኋላ ሁለቱም ተጫዋቾች እኩል ሆኑ።

በ1962 በሜይ ወር ዩኒቨርሲቲው በሩን ለሕዝብ የሚከፍትበት ቀን ደረሰ። ወጣቶቹም የሚመጣው ሰው ብዙ እንደሚሆን ስላወቁ አስቀድመው ሁለት ነገር አሰናዱ። አንደኛ፥ ጨዋታውን የሚያሳይ ሌላ ትልቅ መስታወት አምጥተው በረጅም ቁም ሣጥን ላይ አቆሙት። ስለዚህ ቆመው የሚጠብቁት ሰዎች ጨዋታውን እያዩ ይነጋገሩ ነበር። ሁለተኛ፥ በጨዋታው ላይ የነጥብ ቈጠራ ጨመሩ። ነጥብ ካለ ጨዋታው መጨረሻ ይኖረዋል፤ መጨረሻ ካለው አንዱ ተነሥቶ ለሌላው ይለቃል።

ልጆች ሆይ፤ ይህን አስተውሉ። በዳስ ፊት የሚቆም ሰው ሁሉ እንግዳ ነው። የሚጫወተው ብቻ እንግዳ አይደለም፤ ተራውን የሚጠብቀውም እንግዳ ነው። ተራውን ለሚጠብቅ ሰው የሚያየው ነገር ያላዘጋጀ ማኅበር ግማሹን እንግዳ እንደ ረሳ ይቈጠራል።

ክፍል 4። የሠሪውን ስም ስለ መጻፍ

ኤልዛቤት ማጊ የምትባል አንዲት አሜሪካዊት ሴት ነበረች። ይህች ሴት መሬት በጥቂት ሰዎች እጅ ሲሰበሰብ ባለ መሬቱ እንደሚከብር፥ ኪራይ ከፋዩም እንደሚደኸይ ለሰዎች ለማሳየት አንድ የገበታ ጨዋታ ሠራች። ስሙንም «የባለ ርስት ጨዋታ» አለችው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በጃንዋሪ 5 ቀን 1904 የአሜሪካ መንግሥት የፈጠራ መብት ሰጣት። ብዙ ሰዎችም ጨዋታውን በየቤታቸው እየሠሩ፥ ሕጉንም እየለወጡ ተጫወቱት።

ሠላሳ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ፥ በ1935፥ ፓርከር ብራዘርስ የሚባል የጨዋታ ሠሪዎች ኩባንያ ከዚህ ጨዋታ የመጣውን «ሞኖፖሊ» የተባለውን ጨዋታ ከአንድ ሰው ገዛ። ያም ሰው ቻርልስ ዳሮ ይባል ነበር። ኩባንያው ከማጊ ደግሞ መብቷን በ500 ዶላር ገዛ። ጨዋታው በዓለም ሁሉ ታወቀ፤ የተነገረው ስም ግን የዳሮ ስም ሆነ። ማጊ በ1948 ሞተች። ሥራዋ በብዙ ሰው ዘንድ የታወቀው ከ1970 ወዲህ ራልፍ አንስፓክ የሚባል የኢኮኖሚ መምህር በሕግ ክርክር ምክንያት ነገሩን መርምሮ ከገለጠው በኋላ ነው።

ስለዚህ ማኅበር ዳስ በሚያቆምበት ጊዜ በእያንዳንዱ ጨዋታ አጠገብ የሠሩትን ሰዎች ስም ሁሉ ይጻፍ። ሕጉን ያሰበው፥ ሥዕሉን የሣለው፥ ካርቶኑን የቈረጠው፥ ጨዋታውንም የሞከረው ስሙ አይቅር። ተናጋሪው ልጅ በፊት ስለ ቆመ ዝምተኛው ልጅ የሠራው ሥራ የእርሱ አይሆንም። የባልንጀራን ገንዘብ መውሰድ ስርቆት እንደ ሆነ፥ የባልንጀራንም ምስጋና መውሰድ ስርቆት ነው።

ክፍል 5። የዳስ ዝግጅት

አሁን ከእነዚህ ሰዎች የተማርነውን በሥራ ላይ እናውል። ዳስ ለማቆም የሚያስብ ማኅበር በዳሱ ቀን ማለዳ ሥራ አይጀምርም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላልና።

አንደኛ። ፈቃድ መጠየቅ። ማኅበሩ አስቀድሞ ከትምህርት ቤቱ አለቆች ፈቃድ ይቀበል። የሚቆምበትን ሥፍራ፥ የሚጀምርበትንና የሚፈጽምበትንም ሰዓት ይወቅ። ኮምፒዩተር የሚያቆም ከሆነ ኤሌክትሪክ ከወዴት እንደሚመጣ ይጠይቅ። ሽቦው የሰው እግር እንዳይጠልፍ በጠረጴዛው ሥር ወይም በጥግ በኩል ይለፍ። ጥላም ያስፈልጋል፤ የኮምፒዩተር መስታወት በፀሓይ ብርሃን ፊት አይታይምና።

ሁለተኛ። ጊዜን ማስላት። በግቢ ውስጥ የሚያልፍ ተማሪ ወደ ትምህርቱ የሚሄድ ነው፤ ጊዜው ጥቂት ነው። ስለዚህ ለዳስ የሚሆን ጨዋታ አጭር ይሁን። አንድ ጨዋታ 5 ደቂቃ ቢፈጅ በአንድ ሰዓት 12 ጊዜ ይጫወቱታል። በአንድ ጊዜ ሁለት ሰዎች ቢጫወቱ በአንድ ሰዓት 24 እንግዶች ይጫወታሉ ማለት ነው። ጨዋታው 30 ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ ግን በአንድ ሰዓት የሚጫወቱት 4 እንግዶች ብቻ ናቸው። የቀሩት 20 ሰዎች ወዴት ይሂዱ? ረጅሙ ጨዋታ መልካም ቢሆንም በማኅበሩ ቤት ይቈይ፤ በዳሱ ግን አጭሩ ይቅረብ።

ሦስተኛ። እንግዳውን ሠሪ ማድረግ። ጨዋታ የሚሠራ ማኅበር እንግዳውን ማጫወት ብቻ አይበቃውም፤ ጨዋታ መሥራት ምን እንደሆነ ሊያቀምሰው ይገባል። ይህንም ለማድረግ ቀላል መንገድ አለ። በወረቀት ላይ ሦስት በሦስት የሆኑ ዘጠኝ ቤቶች ይሣሉ። ሁለት ሰዎች በየተራቸው ምልክት ያድርጉ፤ ሦስት ምልክቶቹን በአንድ መስመር ያደረሰ ያሸንፋል። ይህ ጨዋታ በብዙ አገር የታወቀ ነው። ሁለቱም ተጫዋቾች ብልሆች ከሆኑ ግን ሁልጊዜ አቻ ለአቻ ይለያያሉ። እንግዲህ እንግዳው አንድ ሕግ ብቻ ይለውጥ። ሦስት በአንድ መስመር ያደረሰ ይሸነፍ ቢል ምን ይሆናል? ወይም ለእያንዳንዱ ሦስት ጠጠር ብቻ ተሰጥቶት፥ ጠጠሩ ሲያልቅ የተቀመጠውን እያነሣ ያዛውር ቢል ምን ይሆናል? እንግዳው ለውጦ ይጫወተዋል፤ በዚያችም ደቂቃ ጨዋታ ሠሪ ይሆናል።

አንድ ሕግ ሲለወጥ ጨዋታው ሁሉ እንደሚለወጥ የአገራችን የጥንት ሠንጠረዥ ምስክር ነው። በሌላው ዓለም ሠንጠረዥ ሁለቱ ተጫዋቾች ከመጀመሪያው ጀምሮ በየተራቸው ይሄዳሉ። በአገራችን የጥንት ሠንጠረዥ ግን በመጀመሪያ ወረራ የሚባል ጊዜ አለ። በወረራ ጊዜ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ፥ እንደ ፈቀዱ፥ ጭፍሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ የሌላውን ጭፍራ በገደለ ጊዜ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ በየተራ ይጫወታሉ። ገበታው አንድ፥ ንጉሡም አንድ ሲሆን፥ በአንድ ሕግ ምክንያት ጨዋታው ሌላ ሆነ።

አራተኛ። አስቀድሞ መሞከር። ጨዋታውን የሠራው ሰው ሕጉን በልቡ ያውቀዋል፤ ስለዚህ የሚያስቸግረው ሥፍራ አይታየውም። ከዳሱ ቀን በፊት ጨዋታውን ከዚህ ቀደም ላላየው ሰው ይስጠው። ከሰጠውም በኋላ ዝም ይበል። ዝም ማለት ከባድ ነው፤ ዳሩ ግን በዳሱ ቀን ሁሉን እንግዳ በአንድ ጊዜ ሊያስረዳ አይችልም። ተጫዋቹ በቆመበትና በተጠራጠረበት ሥፍራ ላይ ምልክት ያድርግ፤ ኋላም ያንን ያቅና። «አልገባኝም» ያለውን ሰው አይንቀፍ፤ ይልቁንም ያመስግነው፤ ስሕተቱን በጊዜ አሳይቶታልና።

አምስተኛ። ሥራን መካፈል። የማኅበሩ ልጆች ስድስት ቢሆኑ፥ ሁለቱ በዳሱ ፊት ቆመው እንግዳ ይቀበሉ፤ ሁለቱ ጨዋታውን ያሳዩ፤ አንዱ ተራ ይጠብቅ፤ አንዱም ወደ ማኅበሩ ለመግባት የሚፈልጉትን ሰዎች ስም በመዝገብ ይጻፍ። በየሰዓቱ ሥራቸውን ይለዋወጡ፤ እየተፈራረቁም ይብሉና ይረፉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» የሚለውን ተረት አይርሱ።

ስድስተኛ። የጐደለውን የሚተካ መያዝ። ጠጠር ይጠፋል፤ ወረቀት ይቀደዳል፤ ኤሌክትሪክ ይቋረጣል፤ ዝናብ ይዘንባል። ስለዚህ ትርፍ ጠጠርና ትርፍ ወረቀት፥ ገበታውን የሚሸፍን ጨርቅ፥ ያለ ኤሌክትሪክም የሚጫወቱት አንድ ጨዋታ ይዘጋጅ። ይህን ያዘጋጀ ማኅበር መብራት ቢጠፋ አይደነግጥም፤ ኮምፒዩተሩን ዘግቶ ካርቶኑን ይዘረጋል እንጂ።

ሰባተኛ። ከዳሱ በኋላ ያለው ሥራ። ለእንግዳው በትንሽ ወረቀት የሚቀጥለው ስብሰባ ቀን፥ ሰዓትና ሥፍራ ተጽፎ ይሰጠው። ቀኑን ያልነገሩት እንግዳ ቢወድም መመለሻውን አያገኝም። ማታ ግቢው ይጠረግ፤ የተዋሱት ዕቃ ለባለቤቱ ይመለስ፤ የወጣው ገንዘብ በመዝገብ ይጻፍ። ከዚያም ሁሉ ተቀምጠው ምን መልካም ነበረ፥ ምንስ ጐደለ ብለው ይነጋገሩ።

ክፍል 6። ምሳሌ

ይህ ሁሉ ቢሟላም አንድ ነገር ከቀረ ዝግጅቱ ከንቱ ይሆናል። ያን ነገር በምሳሌ እንግለጠው።

የአንድ ማኅበር ልጆች መልካም ዳስ ሠሩ። ጨዋታቸው ያማረ፥ ዕቃቸውም የተሟላ ነበረ። እንግዳ እስኪመጣ ድረስ እንጫወት ብለው በገበታው ዙሪያ ተቀመጡ። ጨዋታውም ሞቀ፤ ሳቁም በዛ። ጀርባቸውን ወደ መንገዱ፥ ፊታቸውን ወደ ገበታው አድርገው ተቀመጡ።

በዚያን ጊዜ ከሩቅ አገር የመጣች አንዲት አዲስ ተማሪ ወደ ዳሱ ቀረበች። በግቢው ውስጥ የምታውቀው ሰው አልነበራትም። ከልጅነቷ ጀምሮ ለታናናሽ ወንድሞቿ ከጭቃና ከጠጠር አዲስ አዲስ ጨዋታ ትሠራላቸው ነበር። በእጇም የራሷን ጨዋታ የሣለችበት ደብተር ነበረ። ለማሳየት አስባ ነበር፤ ነገር ግን አፈረች። ከልጆቹ አንዱ ዘወር ብሎ አያትና፥ «ቈይ፥ እኅቴ፤ ይህን እንጨርስ» አለ። እንደገናም ወደ ጨዋታው ተመለሰ። አንዱ ጨዋታ አለቀ፤ ሌላውም ተጀመረ። ልጅቱም ጥቂት ቆማ ደብተሯን በነጠላዋ ሸፍና ሄደች።

የግቢው ዘበኛ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ይህን ሁሉ ከበሩ ሆነው ያዩ ነበር። ወደ ዳሱ ቀርበው፥ «ልጆቼ፥ እንደምን ዋላችሁ?» አሉ።

ልጆቹም ተነሥተው፥ «እግዚአብሔር ይመስገን፥ አባባ፤ እርስዎስ እንደምን ዋሉ?» አሉ።

ሽማግሌውም፥ «ይህ ዳስ የተጣለው ለማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ልጆቹ፥ «ለእንግዶች ነው» ብለው መለሱ።

ሽማግሌውም፥ «እንግዳስ መጥታ ነበር። ድግሱን ደግሳችሁ እናንተው በላችሁት፤ እርሷ ግን ከደጅ ተመለሰች» አሏቸው።

ልጆቹም ደነገጡ። ሁለቱ ሮጠው በግቢው ሁሉ ፈለጉ፤ ነገር ግን አላገኟትም። ስሟን አልጠየቁም ነበርና በምን ይጠሯታል? በማግሥቱም፥ በሣልስቱም ወደ ዳሱ አልመጣችም። ማኅበሩ እውቀቷን አጣ፤ እርሷም ባልንጀሮች አጣች። ይህን ጉዳት በመዝገብ የሚጽፈው የለም፤ ያላገኙትን ሰው የሚቈጥር የለምና።

ከዚያ ቀን ወዲህ እነዚያ ልጆች ሦስት ሕግ አወጡ። የመጀመሪያው፥ እንግዳ በደጅ ቆሞ ሳለ የማኅበሩ ልጅ አይጫወት። ሁለተኛው፥ ማንም ሰው ወደ ዳሱ ቢቀርብ አንዱ ልጅ ወዲያው ተነሥቶ በሰላምታ ይቀበለው፤ ስሙንም ይጠይቀው። ሦስተኛው፥ ዝም ብሎ የቆመውን ሰው፥ «አንተስ ወይም አንቺስ ምን ዓይነት ጨዋታ ትወዳለህ፥ ትወጃለሽ?» ብለው ይጠይቁት። በዕቃቸው ሣጥን ክዳን ላይም በትልቅ ፊደል «እንግዳው ይቅደም» ብለው ጻፉ። ሣጥኑን በከፈቱ ቍጥር ያነቡታል።

ክፍል 7። ፍጻሜ

እናንተም፥ ልጆች ሆይ፥ ገና ትንንሾች ብትሆኑም ይህን ትምህርት ዛሬውኑ ልትሠሩበት ትችላላችሁ። በትምህርት ቤታችሁ የወላጆች ቀን ሲሆን፥ በክፍላችሁ አንድ ጠረጴዛ ቢሰጣችሁ፥ ገበጣም ሆነ በካርቶን የሠራችሁትን ጨዋታ ልታቀርቡ ትችላላችሁ። በዚያን ጊዜ የብሩክሄቨኑን ሊቅ አስቡ፤ ለእንግዳው እጅ የሚሆን ሥራ ስጡት። የኤም አይ ቲን ወጣቶች አስቡ፤ ቆሞ ለሚጠብቀው የሚያየው ነገር አዘጋጁለት። ኤልዛቤት ማጊን አስቡ፤ የሠሪውን ስም አትሰውሩ። ከሁሉም ይልቅ ደብተሯን ሸፍና የሄደችውን ልጅ አስቡ።

መልካም ጨዋታ የሚሠራ ብልህ ነው። ሰውን ወደ ጨዋታው የሚጠራ ግን ከብልህም ይበልጣል። ብልሃት ያለ ቸርነት እንደ ተዘጋ በር ነው፤ ውስጡ ቢያምርም የሚገባበት የለም።

ጥያቄ።

1. ጠጠሩንና ጉድጓዱን ጨዋታ የሚያደርገው ምንድን ነው?

2. ዊልያም ሂጊንቦተም የቴኒሱን ጨዋታ ለምን ሠራ? በሁለተኛውስ ዓመት ምን ጨመረበት?

3. የኤም አይ ቲ ወጣቶች ለሕዝቡ ቀን ያሰናዷቸው ሁለት ነገሮች ምንና ምን ናቸው?

4. አንድ ጨዋታ 10 ደቂቃ ቢፈጅና በአንድ ጊዜ ሁለት ሰዎች ቢጫወቱ በ3 ሰዓት ስንት እንግዶች ይጫወታሉ?

5. ልጅቱ ከዳሱ ለምን ተመለሰች? አንተ ወይም አንቺ በዚያ ብትኖሩ ምን ታደርጉ ነበር?

6. ከምታውቁት ጨዋታ አንዱን ምረጡ፤ አንድ ሕግ ብቻ ለውጣችሁ ከባልንጀራችሁ ጋራ ተጫወቱ፤ የሆነውንም በደብተራችሁ ጻፉ።